በመስታወት በኩል የሚነበብ መጽሐፍ

ኅዳር 7። ዛሬ ጠዋት በመኪና እየዞርኩ ከምሸጠው ዕቃ ሁለት ካርቶን ጠመኔና አንድ ካርቶን ደብተር ለአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስረከብኩ። ከዚያ ለወዳጄ ይህን ፖስት ካርድ ጻፍኩ፦

ወዳጄ፣ እንደ እኛ ሰፈር ትምህርት ቤት መጽሐፉ ሁሉ ተነብቦ ተነብቦ ገጹ የረገፈ እንዳይመስልህ፤ እዚህ ክብር ያውቃሉ። ልወጣ ስል አንድ የልጆች መጽሐፍ ደራሲ ልጆቹን ንባብ ሊያስወድድ መጣ። «መጽሐፌን ያነበበ?» ሲል የሁሉም እጅ ወጣ፤ ሲለማመዱት ሰንብተዋል። «ታዲያ ፍየሏ መጨረሻ ላይ ምን ሆነች?» ሲል ግን የወጣው እጅ ሁሉ ወረደ። አንዲት የፊት ጥርሷ የወለቀ ልጅ ብድግ ብላ፣ «ጋሼ፣ ሽፋኑ ላይ ቆማለች። ሌላውን ቁምሳጥኑ ሲከፈት እንነግርዎታለን» አለችው። ለካ መጽሐፎቹ መስታወት ውስጥ ተቆልፎባቸው ኖሯል!

«እንዳይቀደዱ ብለን እኮ ነው» አሉ ዳይሬክተሩ።

«ይቀደዱ፤ ይክፈቱላቸው» አለ ደራሲው።

ተከፈተ። ልጅቷ ፍየሏን ፍለጋ መጽሐፉ ውስጥ ገባች፤ ምሳ ተደውሎም ቀና አላለችም።

ዳይሬክተሩ ወደ እኔ ጠጋ ብለው፣ «ጠንከር ያለ ጓጉንቸር ይኖርሃል?» አሉኝ። መኪናዬ ላይ በሽ በሽ ነው። «አልቋል ጌታዬ፤ የመጽሐፍ መሸፈኛ ላስቲክ ግን አለ» አልኳቸው። እያዘኑ አዘዙ።

ፖስት ካርዱ ሞላ። እማማን ሳምልኝ፣ ልጆቹንም እንዲሁ።

ነገ በማለዳ፦ ላስቲኩን ማድረስ።