«ሳታቋርጡ ተጫወቱ፣ ዓይን ይለምደዋል» ላሉን ኃላፊ

ለተከበሩ የመነጽሩ አስመጪ ድርጅት የደንበኞች አገልግሎትና ጥገና ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ በጨዋታ ላይ ብልጭ ድርግም ስለሚለው መነጽርዎ ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ መንጋጋዎ ከቦታው ሳይነቃነቅ፣ የጎድን አጥንቶችዎ ቁጥራቸው ሳይጎድል፣ የፊት ጥርሶችዎም እንደተሰለፉ ይህ ደብዳቤ እንዲደርስዎት ከልብ እመኛለሁ። ይህን የምለው ለወግ ያህል አይደለም። የተጨረማመተ የመኪና አካል እየቀጠቀጥኩ የማቀና ሰው ስለሆንኩ፣ አንድ ነገር እስኪሰበር ድረስ ስንት ምት እንደሚችል ከብዙ ሰው በተሻለ አውቃለሁ፤ ስለዚህም የሰው ጤና ያሳስበኛል።

ምስጋናዬን ከመዘርዘሬ በፊት ግን ወንድሜን ላስተዋውቅዎት ይፍቀዱልኝ። ታላቄ ነው፤ ወንድም ጋሼ እለዋለሁ። የከባድ መኪና ሹፌር ሲሆን ባልደረቦቹ «ግንቡ» ይሉታል፤ በር ላይ ከቆመ ከኋላው ምን እንዳለ አይታይምና። አባታችን በቀበቶ ያናግረን ስለነበር እኔና እሱም ከልጅነታችን ጀምሮ የምንግባባው በቡጢ ነበር። አባታችን የሞተ ሰሞን «እማዬ ከማን ጋር ትኑር» በሚል ተነስተን ግቢ ውስጥ ተያያዝን። እሱ ሁለት የጎድን አጥንቴን ሰበረ፤ እኔ ደግሞ መፍቻ ግንባሩ ላይ አሳርፌ ዘጠኝ ስፌት አሰፋሁት። እናታችንም «ከሁለታችሁም ጋር አልኖርም» ብላ እህቷ ቤት ገባች። ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ሙሉ ዘጋሁት፤ እሱም ዘጋኝ።

ክቡር ሆይ፣ ያስታረቀን የእርስዎ ዕቃ ነው። የወንድሜ ሚስት የድንገተኛ ክፍል ነርስ ናት። እትዬ አንድ ቀን የቦክስ ጨዋታ ያለበት ኮምፒውተር፣ ትልቅ ስክሪንና ሁለት መነጽር ሳሎኗ ውስጥ ደርድራ ሁለታችንንም ጠራችንና፣ «መደባደብ ካማራችሁ እዚህ ውስጥ ተደባደቡ! እኔ ሥራዬም ቦታ ቤቴም ውስጥ ቁስል ማጠብ ሰልችቶኛል» አለችን። መነጽሩ የቀኙንና የግራውን መስታወት በየተራ እየከፈተና እየዘጋ፣ ለእያንዳንዱ ዓይን የየራሱን ምስል ያሳያል፤ ፍጥነቱ ከዓይን በላይ ስለሆነ ሁለቱ ምስሎች አንድ ይሆኑና ቡጢው ከስክሪኑ ወጥቶ አፍንጫ ድረስ ይመጣል። የመጀመሪያው ቡጢ ሲመጣበት ግንቡ ወንበሩን ይዞ ወደ ኋላ ተገለበጠ። እኔ ሳቅሁ። እሱም መሬት እንደተጋደመ ሳቀ። ሁለታችን አብረን ስንስቅ ያ የመጀመሪያችን ሳይሆን አይቀርም።

ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ወር ሙሉ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ወንድሜን እቀጠቅጠው፣ እሱም ያደቀኝ ነበር። ደም የለ፣ ስፌት የለ። ጨዋታው ሲያልቅ ተቃቅፈን እንለያይ ጀመር። እናታችንም ጠርጥራም ቢሆን ለመጠየቅ መምጣት ጀመረች።

ይህ ሁሉ ሰላም ሳለ የወንድሜ ጎረቤት መስኮቱ ፊት ለፊት ፎቅ ሠራ። ሳሎኑ በቀን ስለጨለመ ወንድሜ ጣሪያው ላይ ሁለት ረጃጅም ፍሎረሰንት አሰቀለ። በዚያው ሳምንት መነጽሮቹ ብልጭ ድርግም ማለት ጀመሩ። እኛ አንዱን ከሌላው ጋር አላያያዝንም፤ አንደኛችን ሹፌር፣ ሌላኛችን ብረት ቀጥቃጭ ነን። የሚያያይዝ ባለሙያ እንዳለ አምነን ወደ እርስዎ ደወልን። እነሆ ምስጋናዬ፦

፩. ስልኩን ያነሳችው ሠራተኛዎ ባትሪው ደክሞ ሊሆን እንደሚችል በትሕትና ገልጻ፣ አራት ሰዓት ቻርጅ እንድናደርገው መከረችን። አደረግን። መነጽሩም ጉልበት አግኝቶ ከበፊቱ በበለጠ ብርታት ብልጭ ድርግም አለ። ስለዚህ እናመሰግናለን።

፪. በሁለተኛው ጥሪ፣ ለመነጽሮቹ ምልክት የምትልከው ትንሿ ሳጥን ፊቷን ወደ እኛ ማዞር እንዳለባት ተነገረን። ወንድም ጋሼ ሳጥኗን ስክሪኑ አናት ላይ በሽቦ ጠፍንጎ አሰራት። ሽቦው አንሸራትቶት አውራ ጣቱን ሲሰነጥቀው ተናድዶ ግድግዳውን በጡጫ መታው፤ ልስኑም ረገፈ። ግድግዳው ላይ ያለው ጉድጓድ የመምሪያዎ ሁለተኛ መታሰቢያ ነው። የመጀመሪያው የእኔ ራስ ምታት ነው።

፫. በሦስተኛው፣ ስልኮችንና ሪሞቶችን ሁሉ ከክፍሉ እንድናወጣ ታዘዝን። ወንድሜ ትእዛዝ አክባሪ ስለሆነ የቴሌቪዥኑን ሪሞት በመስኮት አወጣው፤ መስኮቱ ግን ዝግ ነበር።

፬. አራተኛው ላይ ትንሽ እንድቆይ ይፍቀዱልኝ፤ እዚህ ላይ ያገለገሉን እርስዎ ራስዎ ነዎትና።

ዕለቱ ቅዳሜ ነበር። ሠራተኛዎ ሲደክማት ወደ እርስዎ አስተላለፈችን፤ ወንድሜም ሁለታችን እንድንሰማ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አደረገው። ጉዳያችንን ገና ሳንጨርስ፣ «እሱማ ምንም አይደል፤ ሁለት ሰዓት ሳታቋርጡ ተጫወቱ፣ ዓይን ይለምደዋል» ብለው ዘጉት። በየትኛው ክፍል፣ በምን መብራት ሥር እንደተቀመጥን ሳይጠይቁ መልሱን ማወቅዎ እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል።

እኛም ታዘዝን። በሃያኛው ደቂቃ ላይ ግድግዳው፣ ምንጣፉ፣ የእትዬ የአበባ ማስቀመጫ ሳይቀር ይንቀጠቀጥብኝ ጀመር። በአርባኛው ከቅንድቤ በላይ አንድ ሰው በትንሽ መዶሻ ይመታኝ ነበር፤ ምሳዬም ወደ ጉሮሮዬ ተመልሶ ነበር። ወንድሜ ላብ በላብ ሆኗል። የሚመጣበት ቡጢ ተቆራርጦ ስለሚታየው መከላከል አቃተው፤ አራት ዙር በተከታታይ ተሸነፈ። «ያንተ መነጽር ነው ጤነኛው፤ ቀይረኝ» አለኝ። ቀየርኩት። አምስተኛውንም ተሸነፈ። እኔም ሳቅሁ። ያን ሳቅ ዛሬ መልሼ ብውጠው ደስ ይለኝ ነበር።

«እንደ አባትህ ነው የምትስቀው» አለኝ።

«እንደ አባቴ መምታትም እችላለሁ» አልኩት።

የወረወረብኝ ጆይስቲክ ከንፈሬ ላይ ሲያርፍ የጥርሴን መሰንጠቅ በጆሮዬ ሰማሁት። ተነስቼ በአንገትጌው ያዝኩት፤ እሱ ከነጠረጴዛው አንስቶ መደርደሪያው ላይ ወረወረኝ። ስክሪኑ ከነቦክሰኞቹ በአፍጢሙ ወደቀ። ላዬ ላይ ወጥቶ ጉሮሮዬን አነቀኝና ጭንቅላቴን ከወለሉ ጋር ሁለት ጊዜ አጋጨው። በሦስተኛው ቀኝ እጄ አመለጠችው። ክቡር ሆይ፣ ይህች እጅ በቀን ስድስት ሰዓት መዶሻ ትይዛለች። አንድ ጊዜ ብቻ መታሁት።

መነጽሩን አላወለቀም ነበር።

የመነጽሩ የግራ ጠርዝ ተሰብሮ ወደ ውስጥ ገባ። ወንድሜ አልጮኸም። እጆቹን ከጉሮሮዬ ላይ አንስቶ፣ ዕቃ የወደቀበት ሰው እንደሚለው በቀስታ፣ «ቆይ... ቆይ አንዴ» አለ። ደሙ በጣቶቹ መካከል አልፎ አፌ ውስጥ ይንጠባጠብ ነበር። እትዬ ከጓዳ ሮጣ ስትገባ አንዴ አየችውና፣ «እንዳትነካው! እጆቹን ያዝልኝ፣ ዓይኑን እንዳይነካ!» ብላ አንድ ባዶ ኩባያ አንስታ ዓይኑ ላይ ደፋችበትና በፋሻ አሰረችው። እኔ መኪናውን ነዳሁ። እሷ ከኋላ ጭንቅላቱን ጭኗ ላይ አድርጋ መንገዱን ሙሉ ኩባያውን በሁለት እጇ ይዛ ነበር።

ቀዶ ጥገናው ሦስት ሰዓት ፈጀ። የግራ ዓይኑን ማትረፍ አልተቻለም። ፖሊስ መጥቶ «ማን ነው?» ብሎ ሲጠይቀው፣ ወንድሜ ግማሽ ፊቱ በፋሻ እንደተጠቀለለ፣ «ማንም አይደለም፤ ወድቄ ነው» አለ። እኔ አልጋው ሥር ቆሜ ነበር፤ የተሰነጠቀው ከንፈሬ ሳይደርቅ። ፖሊሱ እኔን አየኝ፣ እሱን አየው፣ ደብተሩን ዘጋ። እናታችን በማግስቱ መጣች። አንዳችንንም አልሰደበችም። ከአልጋው እግር ሥር ቆማ «አሁን በቃችሁ?» ብላ ብቻ ጠየቀችን። መልስ ሳትጠብቅ ወጣች።

፭. ከዘጠኝ ቀን በኋላ ሁለቱን መነጽሮች፣ የተሰበረውንም ደኅናውንም፣ ይዤ ወደ ጥገና ክፍልዎ መጣሁ። መዶሻም ይዤ ለመምጣት አስቤ ነበር፤ ነገር ግን ከባድ ስለሆነ ተውኩት። የተቀበለችኝ ቴክኒሻን ልጅ ደኅናውን መነጽር አጥልቃ ከእርስዎ ኮምፒውተር ጋር አገናኘችውና፣ «ቤታችሁ ፍሎረሰንት አለ?» አለችኝ። አለ አልኳት። «እንግዲህ እሱ ነው። መብራቱ በሰከንድ መቶ ጊዜ ይርገበገባል፤ እናንተ ግን ስክሪኑን ሲመጣ እንደነበረው በሰከንድ መቶ ሃያ ላይ ትታችሁታል። ሁለቱ ስለማይገጥሙ መነጽሩ ውስጥ ሁሉ ነገር ይንቀጠቀጣል» አለችና ቁጥሩን መቶ ላይ አደረገችው። አጥልቄ አየሁ። ክቡር ሆይ፣ ጸጥ አለ። የእርስዎም ጣሪያ በፍሎረሰንት የተሞላ ነው፤ አንድም ነገር አልተነቃነቀም። «ወይም መብራቱን ማጥፋት ነበር» ብላ ጨመረች፤ ከዚያም ፊቴን አየችና፣ «ይሄንን በስልክ ማንም አልጠየቃችሁም?» አለችኝ። ጉዳዩ በመመሪያው ዘጠነኛ ገጽ ላይ መጻፉን፣ እሷም ሁለት ጊዜ ለእርስዎ ማመልከቷን በዝግታ ነገረችኝ። እባክዎን አይቆጧት፤ በዚያ ቤት ውስጥ ሥራ ስትሠራ ያየኋት እሷን ብቻ ነው።

በዚህ መሃል እርስዎ ከቢሮዎ ወጥተው መነጽሩን አየት አደረጉና በፈገግታ፣ «እንዳዩት ነው፤ ዕቃው ጤነኛ ነው» አሉኝ። በመካከላችን የነበረው የጠረጴዛ መስታወት ስድስት ሚሊ ውፍረት ነበረው፤ በአንድ ምት ይሄዳል። ከእሱ ቀጥሎ የነበረው የአፍንጫዎ አጥንት ከዚያ የባሰ ስስ ነው። ሁለቱን እጆቼን ጭኔ ሥር አድርጌ ተቀመጥኩባቸው። ለእርስዎ አዝኜ አይደለም፤ ዓይን ሲጠፋ የሚሰማውን ድምፅ አንዴ ስለሰማሁት ነው። የዕቃዎን ጤንነት ስላበሰሩኝ ግን ከልብ አመሰግናለሁ።

ወንድሜ አሁን ቤቱ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት የነዳበትን ከባድ መኪና ቁልፍ አስረክቧል፤ ጥዋት ጥዋት ውሃ ሲቀዳ ከብርጭቆው ጎን ያፈሳል፤ ርቀቱ አይታየውምና። ባለፈው ቅዳሜ ደውሎ «ና» አለኝ። ስሄድ ሌላ ስክሪን ተተክሏል፣ በተሰበረው መነጽር ፋንታም ሌላ ተገዝቷል፤ የስክሪኑን ቁጥሩን መቶ ላይ አደረግሁት። አንዱን መነጽር ለኔ ሰጥቶ ሌላውን ራሱ አደረገ። «ቡጢው ይወጣል?» አለኝ። ይወጣል አልኩት። «ለኔ ግድግዳ ላይ እንደተለጠፈ ፎቶ ነው» አለ። አንድ ዓይን ላለው ሰው፣ ክቡር ሆይ፣ የእርስዎ መነጽር ጥቁር መነጽር ብቻ ነው።

ደወሉ ተደወለ። እኔ እጄን አላነሳሁም። «ምታ እንጂ!» ብሎ ጮኸብኝ። አልቻልኩም። «እንዳታዝንልኝ! ምታ ብዬሃለሁ!» አለ። ጣቶቼ ጆይስቲኩ ላይ ደርቀው ቀሩ። እሱ መታኝ፤ ሰውዬዬ ወደቀ፤ ተነሳ፤ መታኝ፤ ወደቀ። አሥራ አንድ ጊዜ ጣለኝ። ከዚያ መነጽሩን አውልቆ በጥንቃቄ አጣጠፈና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። «ደስ አይልም» አለ።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ከሥራዎ ብዛት መካከል ጊዜ ካገኙ፣ ስልክ የሚያነሱ ሠራተኞችዎ ፊት ለፊት «የተቀመጡበት ክፍል መብራት ምን ዓይነት ነው?» የሚል አንዲት ጥያቄ ጽፈው እንዲለጥፉልኝ በታላቅ አክብሮት እለምናለሁ። አንብቦ ለመጨረስ አንድ ሰው ቡጢ ለመሰንዘር የሚፈጅበትን ጊዜ ያህል እንኳ አይወስድም።

እጆቹን እስከ አሁን ድረስ ጭኑ ሥር ይዞ ደብዳቤውን በከፊል በጥርሱ የጻፈ ያህል የተቸገረ፣ ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜና ሳይሰበሩ መኖርን የሚመኝ፣

ታዛዥ ደንበኛዎ፣ ላሜራ ቀጥቃጩ

ግልባጭ፦
ለቴክኒሻኗ፣ ከእውነተኛ ምስጋና ጋር
ለጎረቤቱ፣ ስለ ፎቁ

ማሳሰቢያ፦ የተሰበረውን መነጽር «ምንነቱ ያልታወቀ ቡናማ ፈሳሽ ስለነካው ዋስትና አይሸፍነውም» የሚል ቅጽ አያይዘው መልሰውልኛል። ለመዝገብዎ ትክክለኛነት ያህል፣ ፈሳሹ የወንድሜ ደም ነው፤ ሲፈስ ቀይ ነበር፤ ቡናማ የሆነው እርስዎ ጋ ተራ ሲጠብቅ ነው።