ሳልተረጉምልህ የቀረው

አባየ፣

እንደምን ከረምህ ብየ ልጀምር አልኩና እጄ እምቢ አለኝ። ደህና ነኝ እንደማትለኝ አውቃለሁ። ከተለየኸን ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። ሙት ዓመትህን እዚሁ ገዳሪፍ አስበንልሃል። ሰው ግን ጥቂት ነበር፤ ከምታውቃቸው ግማሹ አገሩ ገብቷል፣ ግማሹ መንገዱን ፈርቶ ቀርቷል።

ቤቱ ተለውጧል። አንተ ትተኛበት የነበረውን ክፍል ጦርነቱ ከካርቱም ላፈናቀላቸው እናትና ሦስት ልጆች ሰጥቻቸዋለሁ። መጀመሪያ አልጋህ ላይ ሌላ ሰው ተኝቶ ሳይ ፊቴን አዞርኩ። ኋላ ሴትየዋ ጠዋት ጠዋት ደጅህን ስትጠርግ እየሰማሁ ለመድኳት። የሣር ጣራው በክረምቱ ሊወርድብን ሲል በቆርቆሮ ለወጥነው። ቀን ቀን እንደ ምድጃ ይግላል፤ ብታየው ከነሠሪው ትሰድበን ነበር።

ያልተለወጠ ነገር ቢኖር ያንተ ጥያቄ ነው። ከክሊኒክ ስገባ ደጃፉ ላይ እግርህን ዘርግተህ «ቱርጁማኗ፣ ዛሬስ ምን ሠራሽ?» የምትለኝ እስካሁን ይሰማኛል። ሐኪሙ በዓረብኛ ሲናገር እኔ በአማርኛ፣ በሽተኛው በአማርኛ ሲመልስ እኔ በዓረብኛ ስናገር እንደዋልሁ እነግርሃለሁ። ትስቃለህ። ሰሊጥ ያጨደ ነዶውን ያሳያል፣ ጉድጓድ የቆፈረ ውሃውን ያሳያል፣ አንች ምን ታሳያለሽ ትለኝ ነበር። ላንተ ሥራ ማለት ወገብ የሚያውቀው ነው፤ የኔ የአፍ ሥራ ነው።

እናደድብህ ነበር፣ ዛሬ ልንገርህ። ዕድሜ ልክህን በሰው ማሳ ላይ ጎንበስ ብለህ፣ እኔ እንዳልጎነበስ አስተማርከኝ፤ ከዚያ የተማርኩትን መልሰህ ናቅህብኝ። ንዴቴን ውጨ እራትህን አቀርብልህ ነበር። የሚያበሽቀኝ ግን ቀልድህ ብቻ አልነበረም። እኔም በልቤ እውነት መስሎኝ ነበር። የሚያድነው መርፌው ነው፣ እኔ መሀል ላይ የቆምኩ አፍ ነኝ፣ አንድ ቃል ባጎድል ባሳምር ማን ይጎዳል እል ነበር።

ይህን የምጽፍልህ በዚህ መኸር አንድ ሰው በዚያ እምነቴ ምክንያት ሊሞትብኝ ስለሆነ ነው። ጋሻው ይባላል፣ የቋራ ልጅ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። ከሀዋታ ከተማ ወዲያ ካለ እርሻ ጓደኞቹ በትራክተር ተሳቢ ጭነው አመጡት። ትኩሳቱ ወር አልፎታል፣ ሆዱ ተነፍቷል፣ አንገቱ ቀጥኖ ጭንቅላቱን መሸከም አቅቶታል። ሲመረመር ካላዛር ሆነ። አንተ ታውቀዋለህ፣ ያ ጣፊያን የሚያሳብጠው የቆላ በሽታ፤ ስንት የእርሻ ጓደኛህን ቀብረህበታል።

ሐኪሙ እሱም ከካርቱም የተፈናቀለ ነው። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ረጅም ነገር ተናገረ። መርፌው አሥራ ሰባት ቀን ነው፣ በየቀኑ ሁለት። በሳምንቱ ገደማ ትኩሳቱ ይበርዳል፣ የምግብ ፍላጎቱ ይከፈታል፣ የዳነ ይመስለዋል፤ አልዳነም። ያኔ ተነሥቶ ከሄደ በሽታው ይመለሳል፣ ሲመለስም መድኃኒቱ ላይይዘው ይችላል፣ ይሞታል። ሞት የሚለውን ሁለት ጊዜ ነው ያነሣው። ወደ እኔ ዞሮም ይህን ቃል በቃል እንድነግረው አዘዘኝ።

ጋሻውን አየሁት። የብርድ ልብሱን ጫፍ በሁለት እጁ ጨምድዶ፣ ዓይኑን አፌ ላይ ተክሎ ይጠብቃል። በእኛ ወግ የታመመ ሰው ፊት ሞት አይጠራም፤ ልቡ የተሰበረ ሰው መድኃኒት አይሠራለትም ብለህ ያሳደግከኝ አንተው ነህ። እናም አይዞህ ወንድሜ፣ አሥራ ሰባት ቀን መርፌ ነው፣ ስትጨርስ እንደ ድሮህ ትሆናለህ አልኩት። እፎይ አለ። እኔም ደግ ያደረግሁ መስሎኝ ወደሚቀጥለው አልጋ አለፍኩ። በስምንተኛው ቀን ጠዋት ስገባ አልጋው ባዶ ነው፤ ብርድ ልብሱን አጣጥፎ ትራሱ ላይ አስቀምጦ ሄዷል።

ለምን እንደሄደ ለማወቅ ጠንቋይ አያስፈልግም። አንተም ብትሆን ትሄድ ነበር። ከአንድ መንደር ተያይዘው የመጡ አጫጆች አንድ ድስት ያበስላሉ፣ አንድ ማሳ በጋራ ይዋዋላሉ። አንዱ ሲወድቅ የሱን መስመር ሌሎቹ ደርበው ያጭዱለታል። ሰሊጥ ደግሞ ቀን አይሰጥም፤ ደርቆ አፉን ከከፈተ ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። ትኩሳቱ የበረደለት ሰው፣ ጓደኞቹ የሱን ድርሻ ደርበው በፀሐይ እየነደዱ፣ እሱ ተኝቶ ሾርባ አይጠጣም። በሰው ላብ በላ ከመባል የሚብስ ነገር የለም። የሚብስ ነገር እንዳለ የማውቀው እኔ ነበርኩ፤ እኔ ደግሞ አልነገርኩትም።

ሐኪሙ ባዶው አልጋ አጠገብ ቆሞ ነግረሽዋል ወይ አለኝ። ነግሬዋለሁ አልኩት። ዋሸሁ አባየ። ታዲያ እያወቀ ነው የሄደው ብሎ መዝገቡን ዘጋ። አላስቻለኝም፤ በኮሪደሩ ተከትየው እውነቱን ተናዘዝኩ። አልጮኸብኝም፤ ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። በሦስት ቀን ውስጥ ከተመለሰ ካቆመበት እንቀጥልለት ይሆናል፣ ከዚያ ካለፈ ግን ምንም ቃል አልገባልሽም አለኝና ወደ ሌላው በሽተኛ ሄደ።

በማግስቱ ጠዋት በሎሪ ወደ ሀዋታ ወጣሁ። መንገዱ አንተ የምታውቀው አይደለም። ከጦርነቱ ወዲህ በየኬላው ሐበሻ የሆነ ሁሉ ይጠየቃል። ሁለተኛው ኬላ ላይ አስወረዱኝና ወረቀቴን ወሰዱት። ዓረብኛየ ከነሱ ዓረብኛ ስለማይለይ ይበልጥ ጠረጠሩኝ፤ ሐበሻ ሆነሽ ይህን ቋንቋ የት ተማርሽ፣ ማን ላከሽ ይሉኛል። በሽተኛ ልፈልግ ነው ብል ማን ይመነኝ። የኬላው ዳስ ሥር ተቀምጨ ፀሐይዋ ከአናቴ አልፋ ስታዘቀዝቅ አየሁ። ሎሪው ጥሎኝ ሄደ። ወረቀቴን መልሰው ሲያሰናብቱኝ ያሉኝ «ያላ» ብቻ ነው። ሀዋታ የደረስኩት በሌላ መኪና፣ መሸት ሲል ነው፤ ሻይ የምትሸጥ አንዲት የጎንደር ሴት አሳደረችኝ።

ሦስተኛው ቀን ላይ ወደ እርሻው የሚሄድ ትራክተር አገኘሁ። ያለ ወሩ የጣለ ዝናብ ጥቁሩን አፈር አላቁጦት ግማሽ መንገድ ላይ ጎማው ሰጠመ። ሾፌሩ ወርዶ ሲጃራውን ለኮሰ፤ ኢንሻአላህ ሰው መጥቶ ይጎትተናል አለኝ። ለሱ ቀኑ ገና ረጅም ነው። እኔ ጫማየን በእጄ ይዠ በእግሬ ተነሣሁ። ጭቃው እስከ ባቴ ይውጠኛል፤ እያወጣሁ እሄዳለሁ፣ እየሄድኩ አለቅሳለሁ። ወገቤ ያን ቀን ሥራየን አወቀው፣ ይድላህ።

ማሳው ላይ ስደርስ ሰዎቹ ተደርድረው ያጭዳሉ። ጋሻውን ከሩቅ ለየሁት፤ ሁለት ነዶ ያስርና ጉልበቱን ይዞ ይቆማል። ሲያየኝ አንገቱን ደፋ። የድስቱ ሰዎች አለቃ አያ ፈንታ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። ቀድመው መጥተው በደንብ ሰላም አሉኝና፣ እግዚአብሔር ይመስገን ልጃችን ድኗል፣ ትናንት የሁለት ሰው ምግብ ነው የበላው አሉኝ። ጋሻውን ለብቻው ላነጋግረው ብየ ለመንኩ። እሱ ግን ከወንድሞቼ የምደብቀው የለኝም፣ እዚሁ ተናገሪ አለ። ሁሉም ማጭዳቸውን ይዘው ተሰበሰቡ። በቁሙ ያለ ሰው ፊት፣ በጓደኞቹ መሀል፣ ያን ቃል ማውጣት ምን ማለት እንደሆነ አንተ ታውቃለህ።

«ጋሻው፣ አልዳንክም። ዛሬ ካልተመለስክ ትሞታለህ። ሐኪሙ ገና በመጀመሪያው ቀን ነግሮኝ ነበር፤ የደበቅሁብህ እኔ ነኝ» አልኩት።

አያ ፈንታ አማተቡ። ሰው በቁሙ አይረገምም፣ ምን ዓይነት ክፉ አፍ ነው አሉኝ። አንዱ ምራቁን ተፋ። ጋሻው ግን እኔን ብቻ ነው ያየ።

«ያን ቀን ለምን አልነገርሽኝም?»

ስላዘንኩልህ ልለው አሰብኩና አፈርኩ። ሥራየ እንደ ቀላል ስለታየኝ ነው ብለው ደግሞ ማን ይገባዋል። አያ ፈንታ ቀረብ አሉና ማጭዱን ከጋሻው እጅ ወሰዱት። እንዲህ መሆኑን ብናውቅ ኖሮ እኛው ካልጋው ጋር እናስርህ ነበር፣ መስመርህ የኛ ነው፣ ሂድ አሉት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ለእኛስ ብትነግሪን ምን ነበረበት ልጄ አሉኝ። ከስድቡ ይልቅ ይህ ነው ያመመኝ። ልጁን የሚያስቀሩበት ጉልበት ነበራቸው፤ የጎደላቸው እኔ የዋጥኩት ቃል ብቻ ነበር።

ሁለት ሆነው እየደገፉት ትራክተሩ ድረስ ወሰዱት፣ ትራክተሩንም ገፍተው አወጡት። ከሀዋታ በሎሪ ተጭነን፣ ሦስተኛው ቀን ሳያልቅ እኩለ ሌሊት ሲቃረብ ክሊኒክ ደረስን። ዛሬ አሥራ አራተኛ ቀን መርፌውን ተወግቷል። ሐኪሙ ልቡ ገና አላረፈም፤ የጣፊያውን እብጠት በጣቱ እየለካ ራሱን ይነቀንቃል። ይድናል ብየ አልጽፍልህም፣ አላውቅም። ለጋሻውም አላውቅም ነው ያልኩት። እሱም ሰምቶ ለሚስቱ ስልክ እንድደውልለት ጠየቀኝ።

አሁን ስለ አንተ ልናገር። ጋሻው የጠየቀኝን አንተም ልትጠይቀኝ ይገባህ ነበር።

ጉበትህን ያዩልን ቀን የዚያን ጊዜው ሐኪም ብዙ ተናገረ። ያንተ ዓረብኛ ከገበያና ከእርሻ አያልፍም ነበርና ፊት ፊቴን ታየኝ ነበር። እረፍት አድርግ፣ መድኃኒትህን ውሰድ፣ ቀስ እያለ ይሻልሃል ብሏል አልኩህ። ሞኝ አልነበርክም። ይህን ሁሉ ተናግሮ ይህችን ብቻ ነው ያለው አልከኝ። ዓረብኛ ረጅም ቋንቋ ነው አባየ አልኩህ። ሳቅህ። እኔም ሳቅሁ። እንዴት እንደሳቅሁ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ከአጎቴ ከሞላ ጋር በመሬት ተጣልታችሁ ስምንት ዓመት አልተነጋገራችሁም። በዚያ ክረምት ግን ስሙን ማንሣት ጀመርክ። ዝናቡ ይቁምና መተማ ተሻግሬ እታረቀዋለሁ አልክ። ሐምሌን ወደ ነሐሴ፣ ነሐሴን ወደ መስቀል ገፋኸው። ጊዜ ያለህ መስሎህ ነው። እኔ እያወቅሁ መድኃኒትህን እየቆጠርኩ ሰጥቼህ ዝም አልኩ። መስቀልን ሳታይ ሄድክ። አጎቴ የደረሰ በሠልስትህ ነው። እንደሚሞት ያውቅ ነበር ወይ ብሎ ጠየቀኝ፣ አያውቅም አልኩት። ግንባሩን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ቆመ፣ ብዙ ቆመ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ፤ ከባለቤቱ የደበቁበትስ?

የአፍ ሥራ ነው ያልከኝ ልክ ነህ። ቀላል ነው ያልን ጊዜ ግን ሁለታችንም ተሳስተናል። ቀላል ቢሆን ኖሮ አንተ ወንድምህን አይተህ ትሞት ነበር። አሁንም ለበሽተኛ ለመንገር አልቸኩልም፤ አልጋው ጠርዝ ላይ እቀመጣለሁ፣ ዘመድ ካለው አስጠራለሁ፣ እጁን እይዛለሁ። ከዚያ ግን አንድም ሳላስቀር እነግረዋለሁ። የታመመ ሰው ዓይኑን አፌ ላይ በተከለ ቁጥር የማየው ያንተን ዓይን ነው፤ ዕድሜ እስከሰጠኝ ድረስ አንተን የማስበው በዚህ ነው።

ያንተም ቃል እኔ ዘንድ ቀርቷል። ሐኪሙ ያን ቀን ያለው ይህ ነበር፤ አላሳጠርኩትም፦

«በሽታው ጉበቱን ጨርሶታል። መድኃኒቱ ሕመሙን ያስታግሥለታል እንጂ አያድነውም፤ ክረምቱን ላይወጣው ይችላል። ቀስ ብለሽ ንገሪው። የሚታረቀው ሰው ካለ፣ የሚሰናበተው ካለ፣ ዛሬውኑ ያስጠራ። ጊዜ አለው፣ ግን ትንሽ ነው።»

ልጅህ