ማድጋው ላይ ያለው ቋጠሮ

ጥር 9 ቀን 1971

ማድጋው ደረቀ።

የአንገቱን ቅርጽ ከሐይቁ ወፍ ከይብራ ወሰድሁት። ትከሻው ላይ ታንኳ ሠሪዎች ደንገል የሚያስሩበትን ቋጠሮ ቀረጽሁበት። ሐይቁ ላይ የሰው ነፍስ የምታድረው በዚያ ቋጠሮ ነው፤ ለእኔ ከጸሎት አይለይም።

ለማቃጠያ እንጨት ወደ ሸክላ ሠሪዎች ማኅበር ሄድሁ። ሥራው ሳይታይ እንጨት አይሰጥም ስለተባለ፣ እሳት ያልነካውን ማድጋ ከዓባይ ማዶ እስከዚያ አቅፌ ወሰድሁ።

ሊቀመንበሩ ጎንበስ ብሎ አየው። «ጓድ የሺ፣ ይኼ መስቀል ነው። ፋቂው።»

«የታንኳ ቋጠሮ ነው።»

«እትዬ የሺ፣ እኔ ዓይን የለኝም?»

ማድጋውን ለደሴቱ ቤተ ክርስቲያን የጠበል ማኖሪያ ያዘዙኝ መርጌታ ሊያዩት መጥተው ነበር። መነጽራቸውን አስተካከሉ። «መስቀልስ አይደለም፣ ልጄ። አንድ ክንድ ይጎድለዋል። ሙዪው እንጂ።»

«ይፋቃል!»

«ይሞላል!»

እኔን ረሱኝ። የደረቀ ሸክላ ቢፋቅ ይሳሳል፣ እሳት ላይ ይሰነጠቃል። ቢጨመርበትም አዲሱ ጭቃ ሲደርቅ ይላቀቃል። ደጋግሜ ነገርኋቸው። ማን ሰምቶ!

«በኮሚቴ ይታይ» አለ ሊቀመንበሩ።

«ይሁን፣ በኮሚቴ ይታይ» አሉ መርጌታ።

የተስማሙት በዚህች ብቻ ነው። ሊቀመንበሩ «እስከዚያ ማድጋው ጠረጴዛዬ ላይ ይቆይ» ብሎ ጣቱን የማድጋው ጆሮ ላይ አሳረፈ፤ በጆሮው ሊያነሣው። ያልተቃጠለ ማድጋ በጆሮው! ይገነጠላል እንጂ።

ቀምቼው ወጣሁ።

«እትዬ የሺ፣ እንጨቱስ?» አለ ከኋላዬ።

አልዞርሁም። በመንገዴ ለማቃጠያ የሚሆን ኩበት እየቃኘሁ ወደ ድልድዩ ወረድሁ።