ገብረየስ፣ የሠላሳ አንድ ልጆች አባት

ለክቡር ባለቤቴ ለሰይፉ፣

እንደምን ሰነበትክ ብዬ አልጠይቅህም። አንተ ያለህበት ሙቀት የለም፣ ትራፊክ የለም፣ ሽማግሌም አይመጣም። ወሬ ያለው እኔ ጋ ነው። ከተለየኸኝ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ስላንተ ክፉ ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም፤ ያለፉትን ሦስት ሳምንታት ሳይጨምር።

መጀመሪያ የቤቱን ላውራህ። ጓሮ የተከልከውን ቃሪያ የፎርት ዎርዝ ፀሐይ በቁሙ ጠበሰው። መኪናህን ሕሊና ናት የምትነዳው፤ ወንበሩን እስከ መሪው ድረስ ስባዋለች፣ አትቆጣ። ደግሞም ልጅህ ልታገባ ነው። ልጁ ኢዮብ ይባላል፣ ቤተሰቦቹ ሌዊስቪል ናቸው፣ ሆስፒታል አብረው ይሠራሉ። ጨዋ ነው፤ ጫማውን በር ላይ ያወልቃል። አማርኛው ብቻ ትንሽ ይነክሳል፤ ሊያከብረኝ ፈልጎ «አንቱ፣ ተቀመጪ» ብሎኛል።

ሽማግሌዎቹ መጡ፣ ሦስት ሆነው። መሪያቸው ጋሽ ዘውዴ ነው፣ ዕድሜውን በጭነት መኪና የጨረሰ ሰው። «ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም» አለና ያንተን ወንበር ተደግፎ ቆመ። ሃይማኖቱ አለፈ፣ ጠባዩ አለፈ፣ ሥራው አለፈ። በመጨረሻ ጉሮሮውን ጠራርጎ «እንግዲህ ዝምድና እንዳይኖር እስከ ሰባት ቤት ይቆጠር» አለ። እኔ ምን ጨነቀኝ! ሠላሳ ሁለት ዓመት ጆሮዬ ላይ ስታንቆረቁረው የኖርከው አይደል? እንደ ውዳሴ ማርያም አወረድኩት። ሰይፉ፣ ገብረየስ፣ ደምሴ፣ ይመር፣ ወርቄ፣ አሰን፣ ሰባተኛው ደጃዝማቹ። ደጃዝማቹ ላይ ስደርስ ድምፄን ከፍ አደረግሁ፣ አንተ እንደምታደርገው።

ጋሽ ዘውዴ ግን ደጃዝማቹን አልሰማም። ስልኩ ላይ የጻፈውን የልጁን ዘር እያየ ቀርቷል። «ገብረየስ የየት ናቸው?» አለኝ። «የደሴ» አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ። «የኢዮብ አያት፣ የእናቱ እናት፣ አስካለ ገብረየስ ናቸው። ያደጉት ደሴ» አለ።

ሒሳቡን አንተው ሥራው። እማማ አስካለ እህትህ ሆኑ። ልጃችን ደግሞ ለኢዮብ አክስት! ሕሊና «ማሚ፣ ሶ ኢዮብን ዳይፐር መቀየር ነበረብኝ ማለት ነው?» ብላ ልትስቅ ሞከረችና አለቀሰች። «ኦኬ፣ ዲኤንኤ ቴስት እናድርግ» ብትልም ጋሽ ዘውዴ «ልጄ፣ ዘር በምራቅ አይቆጠርም» ብሎ ዘጋት። ነገሩ እስኪጣራ ሰርጉ ይቁም ተባለ። እማማ አስካለን ጠይቁልኝ ብል «አባቴ ገብረየስ ነው፣ ሌላ አላውቅም» ብለው ፊታቸውን አዞሩ አሉኝ።

ወንድሜን ጌታሁንን ከአዲስ አበባ ደሴ ላክሁት። የደጃዝማቹን አገር ፈልግ፣ የክርስትና መዝገብ አገላብጥ፣ ዘመድ ጠይቅ አልኩት። ቀበሌ ሄደ፣ ቤተ ክርስቲያን ሄደ፣ የሚያውቃችሁ ጠፋ። አንድ ሽማግሌ ናቸው «ሰይፉ? የማሳደጊያው ልጅ እንዳይሆን» ያሉት። በማግስቱ ከሕፃናት ማሳደጊያው አሮጌ መዝገብ አንድ ገጽ በስልክ አንስቶ ላከልኝ።

ስም፣ ሰይፉ። ዕድሜ፣ በግምት ሦስት። የተገኘበት ቦታ፣ በር ላይ። ይዞት የመጣው ዕቃ፣ የለም። የአባት ስም፣ ገብረየስ። የአያት ስም የሚለው ላይ አንድ ጭረት።

ጭረት! አየህ ሰይፉዬ፣ በየድግሱ ያስነሣኸን፣ ያስጨበጨብክላቸው ታላቁ ደጃዝማች ጭረት ናቸው።

ከስምህ በላይ ያለውን አየሁ፣ አባቱ ገብረየስ። ከስምህ በታች፣ ገብረየስ። ከላይ እስከ ታች ቆጠርኩ፤ ሠላሳ አንድ ልጅ፣ በአንድ ገጽ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ መጀመሪያ አማቴን ገብረየስን ሰደብኳቸው። ጌታሁን የመዝገብ ቤቱን ጸሐፊ ጠይቆ ነው ያስረዳኝ። ልጅ ያለ አባት ስም ትምህርት ቤት አይገባም ነበር አሉ። ገብረየስ የግቢው ዘበኛ ነው። በር ላይ ለተገኘው ልጅ ሁሉ በስሜ ጻፉት ይል ነበር።

ከዚያ በኋላ ያበገነኝ ምን እንደሆነ ታውቃለህ? ዴንተን ከተማ፣ ጓደኛህ ቤት ያደረግኸው። የጓደኛህን ልጅ ሊጠይቅ የመጣውን ያን ምስኪን ተማሪ ታስታውሰዋለህ? አምስተኛው አያት ላይ ቢደናቀፍብህ «አምስት ቤትማ አፓርትመንት ነው እንጂ ዘር አይባልም» ብለህ ሰው ሁሉ እስኪያነባ አሳቅህበት። ልጁ ላብ አጠመቀው። አንተ፣ ገና አያትህ ላይ ጭረት ያለህ ሰውዬ! በመኪና ስንመለስም እያፏጨህ ነበር።

ለሁለት ቀን ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩበት። ብደብቀው ልጄ ሙሽራዋን ታጣለች። ባወጣው አንተ ዕድሜ ልክህን የሸፈንከው ይገለጣል። ምክር እንዳልጠይቅህ ሞተሃል። ለነገሩ በሕይወት ብትኖርም ሌላ ደጃዝማች ትጨምርልኝ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ፕሪንት አድርጌ ሌዊስቪል ሄድኩ። አሥራ አራት ሰው ተቀምጧል። ቆሜ «ባለቤቴ አባቱን አያውቅም ነበር። ከገብረየስ ወዲያ የቆጠርኩላችሁን ራሱ ነው የፈጠራቸው። ገብረየስም የማሳደጊያው ዘበኛ ነው፣ ይኸው» አልኩና ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ። ምድር ብትውጠኝ ደስ ባለኝ፤ ላንተ አፍሬ ሳይሆን፣ ለብቻዬ ስላቆምከኝ።

ወረቀቱን ያነሡት እማማ አስካለ ናቸው። ዓይናቸው ሥር አስጠግተው ረጅም ጊዜ አዩት።

«ገብረየስ ሚስት እንኳ አልነበረውም» አሉ። «እኔንም በስሙ ያስጻፈኝ እሱ ነው።»

ልጃቸው፣ የኢዮብ እናት፣ «እማዬ!» ብላ ጮኸች።

«ምን እማዬ ትይኛለሽ? ገብረየስ ስላችሁ አሜን ብላችሁ ተቀበላችሁ። ማን ሰውዬው ምን ይሠራ ነበር ብሎ ጠየቀኝ?»

ጋሽ ዘውዴ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ፣ እንደገና አወለቀ። «ዝምድና የለም» አለ በመጨረሻ። «ልጆቹን ጥሩልን።» አንተን ታስታውስህ እንደሆነ እማማን ጠይቄያቸው ነበር። «ብዙ ነበርን ልጄ» አሉኝ።

እንግዲህ ሰርጉ ከፋሲካ በኋላ ነው። ምስጢርህን ስላወጣሁ ግን ይቅርታ አልልህም። በጭረቱ አይደለም የተቆጣሁት። ሠላሳ ሁለት ዓመት አንድ ትራስ ተንተርሰን፣ ታመህ አስታምሜህ፣ መጨረሻ ላይ እጅህን ይዤ፣ ለእኔ እንኳ? የደጃዝማች ዘር ባትሆን ትቼህ የምሄድ መስሎህ ነበር? እኔ ያገባሁት የኤርፖርት ሻትል እየነዳ የመንገደኛውን ሻንጣ ሁሉ በትከሻው የሚያወርድ፣ ሕሊና የተወለደች ቀን ወረቀት ላይ ስሟን እኔው ካልሞላሁ ያለ ሰው ነው። ያን ቀን ሳቅሁብህ። የአባት ስም በሚለው ላይ ሦስት ጊዜ ደጋግመህ ስትጽፍ እስክሪብቶው ነው ብለኸኝ አምኜህ ነበር።

ቃሌ ይኸውልህ። የልጅ ልጆችህ ዘር ሲቆጥሩ የፈጠርካቸውን አምስት ሰዎች አላወርሳቸውም። ሰይፉ ይላሉ፣ ገብረየስ ይላሉ፣ ያቆማሉ። «ከዚያስ?» ሲሉኝ፣ ከዚያማ አንድ ዘበኛ በር ላይ ያገኘውን ልጅ ስም የለሽ አላስገባም፣ የራሱን ሰጠው እላቸዋለሁ። ከእሱ የሚበልጥ ደጃዝማች የት አባታቸው ያገኛሉ!

አሁንም ያልበረደላት ሚስትህ፣
ጽጌ