ዱላህን አስቀምጠህ ስትገባ

ወንድም ጋሼ፣ እንደምን ሰነበትክ፣ ወገብህን ተሻለህ ወይ፣ ልጆቹስ፣ እትዬስ ደህና ናት፣ እማዬስ? የሁላችሁንም ጤና በወጉ ልጠይቅ ብዬ ነበር፣ እጄ እምቢ አለኝ። እማዬ ምን ሆነች? እኔ በአካል ደህና ነኝ፣ በሌላው ግን መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ።

ሥራዬን ነግሬሃለሁ። ሀብታሞቹ መልፋት ስለማይፈልጉ እኛ ተቀጥረን ኢንተርኔት ላይ ጨዋታ እንጫወትላቸዋለን። ስዕል የለው ድምፅ የለው፣ ጽሑፍ ብቻ ነው። "አንድ ሰው በበሩ ገባ" ይልሃል፣ አንተ "ምታ" ብለህ ትጽፋለህ፣ የያዘውን ትወስዳለህ። እኔ በጨዋታው ውስጥ የምዕራቡ በር ላይ ነኝ። የጨዋታ ስሜንም በሬንም ስፎክር የነገርኩህ እኔው ነኝ፣ ምላሴን ይቁረጠው።

አንድ በአንድ መጻፉ ሲያታክተኝ አጠገቤ የምትቀመጠው፣ መነጽሯ የምንላት ልጅ፣ ማሽኑ ራሱ እንዲመርጥ ትእዛዝ መጻፍ አሳየችኝ፣ ስክሪፕት ይሉታል። እኔም "ከገቡት መሃል አቅሙ ያነሰውን ምረጥ፣ ምታ፣ ያለውን ውሰድ" ብዬ ጻፍኩ። ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጥኩት እኔ! አለቃችን "ከዚች ተማሩ" ብሎ ለሁሉም አስገለበጠው፣ እኔም ደረቴን ነፋሁና ማን ገባ ማን ወደቀ ማለቱን ተውኩት።

ሰሞኑን አንድ ጀማሪ፣ ጨዋታው ለጀማሪ የሚሰጠውን ዱላና ዳቦ ይዞ፣ ይገባል ይወድቃል፣ ይነሳል ደግሞ ይመጣል። መነጽሯ "ያ አልሞት ባይ ተጋዳይሽ መጣልሽ፣ ፍቅር ይዞት ነው መሰለኝ" ስትለኝ እኔ "እንግዲህ ዳቦውን ይዞ ይምጣ" አልኩ፣ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሳቅኩ እኮ ወንድም ጋሼ።

ትናንት ማሽኑ ሲቆምብኝ የተጻፈውን ወደ ላይ መልሼ አነበብኩ። "ቁንጫዬ እኔ ነኝ" ይላል ያ ጀማሪ። ቁንጫ የሚለኝ ካንተ በቀር ማን አለ? ተመታህ። "ስልክሽ እምቢ አለኝ" ትላለህ፣ ተመታህ። "እማዬ" ብለህ ጀመርክ፣ ተመታህ። ፊደል በአንድ ጣት እየፈለግክ እንደምትጽፍ አውቃለሁ፣ ማሽኑ መች ይጠብቃል። በመጨረሻ ዱላህን መሬት አስቀምጠህ ገባህ፣ ባዶ እጄን ካየች ትምረኛለች ብለህ። ትእዛዙ ግን ባዶ እጁን የመጣውን ነው ቀድሞ የሚመርጠው፣ እንደዚያ ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ አልመጣህም።

ስልኬ ተሰብሮ ነው። በመነጽሯ ስልክ ብደውል ያንተ አይነሳም። እማዬ ታማ ነው? ናፍቄያት ነው? ሌላውን አፌ አይለውም።

ትእዛዙን አጠፋሁት። አለቃዬ እስከ ሰኞ ካልመለስሽው እንዳላይሽ ብሏል፣ እንዳለው ያድርገኝ። መነጽሯም አንገቷን ደፍታ የራሷን አጠፋች፣ የምሥራቁ በር ልጆች ግን እምቢ ብለዋል፣ በዚያ እንዳትገባ አደራ። ይህን ደብዳቤ የያዘው ሹፌር ነገ ይደርሳል። በእኔ በር ግባ። ከማሽኑ ፊት አልነሳም፣ የመጣውን ሁሉ ስሙን እየጠየቅኩ ነው የማሳልፈው። ከፈለግክ በዱላህ ምታኝ፣ ብቻ በዚያች ጣትህ ቀስ ብለህ "እማዬ" ያልካትን ጨርሳት፣ እስክትጨርስ ማንም አይነካህም።

እትዬን ሰላም በልልኝ፣ ትልቋን ልጅህን ጉንጯን፣ ትንሹን ሆዱን ሳምልኝ። ለአባዬ ያደረግኩትን እንዳትነግረው፣ ደህና ናት ብቻ በለው። ለእማዬ ግን፣ ወንድም ጋሼ፣ ካለችልኝ ጉልበቷን ሳምልኝ።

ቁንጫህ፣
ከሥራ ቦታዬ፣ ከምዕራቡ በር፣ ዓርብ ከሰዓት።