አንዱን ለዘመኑ

ጎንደር፣ መጋቢት 16 ቀን 1964 ዓ.ም.

ለአያ ዳኛው፣ ሕንድ አገር

…የአባባ አውራ ጣት በሌሎቹ ጣቶች አንጓ ላይ ሲሄድ፣ አንተ ከጉልበታቸው ሥር ተቀምጠህ፣ እኔ ከጓዳ ባቄላ እየለቀምሁ፣ በከንፈሬ ብቻ ስከተል። ሴት ልጅ ባሕረ ሐሳብ አትማርም ያለኝ አልነበረም። ተማሪ ያለኝም አልነበረም። አንድ ቀን አንተ ተሳሳትህና እኔ ከጓዳ መልሱን ጮኽሁ። ከዚያ —

ከዚያ የሆነውን ረሳሁት። ሰላምታ ሳላስቀድም ጀመርሁ፣ ይቅር በለኝ። እንደምን ሰነበትህ፣ የኔ ጋሻ? ሙቀቱን ለመድኸው? እኛ ደኅና ነን። ማለቴ፣ ሁላችንም በእግራችን ቆመናል።

ከአዲስ አበባ የመጣሁት ለተማሪዎች የጥናት ጉባኤ ነው። እኔና የሻው፣ የአዘዞው ልጅ፣ አብሮኝ ሦስተኛ ዓመት የሚማረው፣ የሠራነውን ልናቀርብ። በዩኒቨርሲቲያችን ምድር ቤት አንድ ኮምፒዩተር አለ። ቁመቱ እንደ ጎተራ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ያንጎራጉራል። ካርድ እየበሳን የአባባን ባሕረ ሐሳብ ሰጠነው፤ ጾሙ መቼ እንደሚገባ፣ ፋሲካ በየትኛው ቀን እንደሚውል። አያ ዳኛው፣ ወረቀቱ እየተጣጠፈ ወጣ፣ ወጣ፣ አላልቅ አለ። ገና ያልተወለዱ ሰዎች የሚጾሙት ጾም። ቤተ ክርስቲያን ደጅ የደረስሁ መስሎኝ ጫማዬን አወለቅሁ። የሻው ሳቀብኝ። ቆይቶ እሱም አወለቀ።

ጉባኤው ትናንት ነበር። ከአቅራቢዎቹ የሚመረጡት ናይሮቢ ይላካሉ ተብሏል። ፈረንጆቹ መምህራን ከፊት ተቀመጡ፣ የየደብሩ ካህናት በጎን። አባባን የጠራኋቸው እኔ ነኝ። ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው መጡ። ጾሙ አክስቷቸዋል። አጠገባቸው ጎረቤታችን አያ ባዬ።

«ምነው ትርንጎ፣ ይቺ ማኪና ትጾማለች?» አሉ አያ ባዬ፣ ገና አፋችንን ሳንከፍት።

«መብራት ሲጠፋ ትጾማለች» አለ የሻው።

አዳራሹ ሳቀ። አባባም ሳቁ።

ያለፉትን ዓመታት አንድ በአንድ አነበብሁ። አንድ ዓመት በጠራሁ ቁጥር ካህናቱ ቀኑን ከኔ እኩል ይሉታል። የነሱ ድምፅና የወረቀቱ ቁጥር አንድ ላይ ሲያርፍ፣ ዓለም በልክ የተሰፋች፣ ስፌቷንም እኔ በዐይኔ ያየሁ መሰለኝ።

ያኔ ዲናችን ተነሡ። «መሪጌታ ሐብተ ማርያም፣ ገና ያልመጣውንም ይሞክሩልን። የዛሬ አራት ዓመት ፋሲካ መቼ ይውላል?»

አባባ እጃቸውን ከጋቢው አወጡ። አውራ ጣታቸው ተነሣ።

«ሚያዝያ ሦስት» አሉ።

የኔ ወረቀት ሚያዝያ ዐሥራ ሰባት ይላል።

ልዩነቱን የሻው ጮክ ብሎ አነበበው። እኔ ምክንያቱ ወዲያው ገባኝ። አባባ አንዱን አልተዉም። ከዘመኑ ላይ አንድ ይነሣል፣ ያላለቀ ዓመት አይቆጠርምና። ማንም ቢሆን መጀመሪያ የሚማረው ይህንን ነው። አንተን በአለንጋ ያስተማሩህ ይህንኑ ነው።

በየዓመቱ ለቅዱስ ዮሐንስ፣ ቅዳሴ ሲወጣ፣ ቆመው የዓመቱን ጾምና በዓል የሚያውጁት እሳቸው ናቸው። ደብሩ በሳቸው ቃል ይጾማል፣ በሳቸው ቃል ይፈስካል። እና ካህናቱ እዚያው ናቸው። አንዱ ጣቱን ማንቀሳቀስ ጀምሯል። ሊደርስበት ነው።

«አንቺ ልጅ» አሉኝ አባባ፣ በዚያ በማስተማሪያ ድምፃቸው፣ ጥርጣሬ የሚባል ሳይኖርበት። «አንዱን ለዘመኑ ተውሽለት?»

«ትተንለታል እኮ —» አለ የሻው። እግሩን ረገጥሁት።

«ረሳሁ፣ አባባ» አልሁ። «ስሕተቱ የኔ ነው።»

የካህኑ ጣት ቆመ። እጁን መልሶ ካባው ውስጥ ከተተ። ከዚያ ጭብጨባ። ፈረንጆቹ ብድግ አሉ። «ማኪናዋን ንስሐ አስገቧት!» አሉ አያ ባዬ። አባባ እንደ ሙሽራ አቀረቀሩ። በዕድሜዬ ሙሉ ፊታቸው እንዲያ ሲበራ አላየሁም፤ አዳራሹን ረሳሁት፣ እሳቸውን ብቻ አየሁ።

ዲኑ ወረቀታቸው ላይ አንድ ነገር ጻፉ። ሁለተኛ አላዩኝም። ናይሮቢ ሌሎች ይሄዳሉ። የሻው ሳይሰናበተኝ አዘዞ ገባ። እሱም እውነቱን ነው፣ ዓመት ሙሉ የለፋበት ሥራ ነው። በምን አፌ እንደማናግረው አላውቅም።

ማሽኑ አይረሳም። ትናንት ማታ ይህን ሳስብ የማሽኑ ነገር ቀለለብኝ። ሊረሳ በሚችል እጅ ያን ሁሉ ዘመን ተሸክሞ እዚህ መድረስ ግን፣ አያ ዳኛው፣ እንዴት ይቻላል?

መስከረም፣ የአዋጁ ቀን፣ ሩቅ አይደለም። ትምህርትህ መቼ እንደሚያልቅ አልጠይቅህም። ያንተ ጣት ግን አሁንም ያስታውሳል? እንዲያው ነው የጠየቅሁህ።

የረገጥኸው ምድር ይርጋልህ። የባዕድ አገር ውሃ ይስማማህ። አባባ በጸሎታቸው ስምህን ያነሣሉ፣ ጻፊለት አይሉም እንጂ። የእናታችን አምላክ ከፊትህ ይቅደም።

እኅትህ
ትርንጎ ሐብተ ማርያም

ፖስታውን ሳላሽገው አንድ ነገር ልጨምር። አባባ ደጅ መደቡ ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነው፣ እኔም አጠገባቸው። አሁን «ያንን የዛሬ አራት ዓመቱን ድገሚልኝ» አሉኝ። ወረቀቱ ላይ ያለውን፣ ሚያዝያ ዐሥራ ሰባትን፣ ነገርኋቸው። መቁጠር ጀመሩ። አውራ ጣታቸው ሄደ። ቆመ። ወደ ኋላ ተመለሰ። እንደገና ሄደ። ቀና ብለው አዩኝ፣ እኔ እየጻፍሁ ነው፣ ቀና አላልሁም። «ብርድ ነው» አሉ። ፀሐይ ነው። ተነሡ። ገቡ። በሩ ተዘጋ።