አባዬና ረግረጉ

መስከረም 28
ልብስ አጥቤ ዋልኩ። አባዬ ራዲዮኑን ከፍቶ ተቀምጧል። "እሁድ ያንን ጥብቅ ረግረግ ካላየሁ" ብሎ ድርቅ አለ። ሹፌር ሳለ ስንቱን ጎብኚ በአውቶቡስ አመላልሷል፣ እሱ ግን ወርዶ አይቶት አያውቅም። ሰሞኑን ሻይ ሲቀዳ ከብርጭቆው ውጭ ያፈሳል። "እጄ ነው" ይላል። እውነት እጁ ነው? ሌላ ከተማ ያገኘሁትን ሥራ እሺ ብያለሁ... እንዴት ትቼው ልሂድ?

መስከረም 29
ጎረቤታችንን "አባዬን አየት ታደርጊልኛለሽ?" አልኳት። "እሱ እኮ ከኔ ይሻላል" ብላ ሳቀች። እኔ ግን ልቤ አላምን አለ።

ጥቅምት 1
ሄድን። ረግረጉ ላዩ ሳር፣ ሥሩ ውሃ። ጠባብ የሳንቃ መንገድ ተዘርግቶበታል። ጠባቂው "እንዳትወርዱ፤ መሬት ይመስላል እንጂ መሬት አይደለም" አለን። እንቁራሪቱ ይንጫጫል። ሸምበቆው መሀል አንዲት ነጭ ሳቢሳ ወፍ ባንድ እግሯ ቆማለች።
"አየሃት?"
"አየኋት። እንዴት ታምራለች።"
በርራ ሄዳ ነበር እኮ... እሱ አሁንም ባዶውን ሸምበቆ ያያል። ወዲያው መንገዱ ታጠፈ፤ እሱ ቀጥ ብሎ ሄደ። እግሩ ወረደ፤ ጭቃው እስከ ጭኑ ዋጠው። ክንዱን ያዝኩ፣ ከበደኝ። ጠባቂው ሮጦ ደረሰ። "አባት፣ አይንፈራገጡ። ደረትዎን ሳንቃው ላይ ጣል ያድርጉት።" ለሁለት ጎትተን አወጣነው። አንድ ጫማው እዚያው ቀረ።
ጠባቂው መታጠቢያ ውሃ ሊያመጣ ሲሄድ አባዬን ጠየቅኩት።
"ከመቼ ጀምሮ ነው?"
"ከክረምት በፊት። ጥላ ጥላውን ነው የማየው።"
"ለምን አልነገርከኝም?"
"ብነግርሽ ሥራውን ትተዪዋለሽ።"
"ታዲያ እዚህ ምን አመጣህ?"
"ጥላውም ሳይሄድብኝ ልየው ብዬ።"
ተናደድኩ። ከዚያ አለቀስኩ። እሱ ጭቃውን ከሱሪው እየጠረገ "ዳክዬዎቹ ሲስቁብኝ ትሰሚያለሽ?" አለ።

ጥቅምት 3
የዓይን ሐኪሟ ዘንድ ወሰድኩት። ግራው አልቆለታል። የቀኙ ሞራ ነው፣ በቀዶ ጥገና ይወጣል። "ምናልባት ያያል" አለች። ምናልባት... ምን ማለት ነው ምናልባት? አዲሱን መሥሪያ ቤት ትንሽ እንዲጠብቁኝ ለመንኩ። እሺ አሉ። አባዬ ተኮሳትሮ ዋለ።

ጥቅምት 18
ዛሬ ቀዶ ጥገናው ተደረገ። ነገ ይፈታል። እህል አልወርድ አለኝ።

ጥቅምት 19
ፋሻው ተፈታ። ሐኪሟ ጣቷን ዘርግታ "ስንት ነው?" አለችው። እሱ ግን ወደኔ ዞሮ አፈጠጠ።
"ከስተሻል" አለኝ። "መቼ ነው እንዲህ የከሳሽው?"
"አንተ ሳታየኝ" አልኩት።